በእጅ የተመዘነ ፓወር ሰፕላይ

ጋሽ ሚዛን በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሚስቱ ስትቆጣ ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ሚዛን ነው። ዕድሜውን የፈጀው በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ከትልቁ ሚዛን አጠገብ ቆሞ ነው። ጆንያ ይመጣል፣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ እሱ ያነባል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ከጊዜ ብዛት ሚዛኑ ወደ እጁ ገባ። ጆንያውን በአንድ ጥጉ ይዞ ብድግ ካደረገው ልኩን ይናገራል፤ ሚዛኑም ከቃሉ ዝንፍ አይልም ነበር። ሊጣሉ የመጡ ነጋዴዎች ስቀው ይመለሳሉ።

ይህ እጅ ቤትም ሲገባ ሥራ አይፈታም። ዳቦ ከተገዛ መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ ያደርገውና «ዳቦ ቤቱ ዛሬም ቆነጠረልን» ይላል። ጎረቤት ሕፃኗን ይዛ ስትመጣ ተቀብሎ ያቅፍና «እሰየው፣ ጨምሯል» ይላል፤ እናቲቱ ክሊኒክ ሄዳ የምታስመዝነው ልጁን ሳይሆን ጋሽ ሚዛንን ነበር። ሚስቱ ታዲያ፣ «ሁሉን አንሳ፤ እኔን ለማንሳት የሞከርክ ቀን ግን ወገብህን አልጠግንልህም» ትለዋለች።

መጋዘኑ ቁጥሩን ራሱ የሚያበራና ራሱ የሚያትም ሚዛን ባስገባ ጊዜ፣ የሚያነብ ሰው አላስፈለገም። ጋሽ ሚዛን ጡረታ ወጣ። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚመዘን ነገር የለም። ጠዋት እንደ ሥራ ሰው ተነስቶ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንድ ሰው የሚጠራው ይመስል ፊቱን ወደ ውስጥ ያደርጋል። የሚጠራው ግን የለም።

በቤቱ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻ ልጁ ነበረች። ሥራዋ ያልተሠራ ቤት ማሳየት ነው። ቤት ሊሠሩ የሚያስቡ ሰዎች ፕላናቸውን ያመጡላታል፤ እሷ በኮምፒውተሯ ቁጭ ብላ መሠረቱ ያልተቆፈረውን ቤት ግድግዳውን ታቆማለች፣ በሩን ትገጥማለች፣ መስኮቱ ላይ የጠዋት ፀሐይ ታሳርፍበታለች። የፊተኛው ክፍል የእሷ ነው። አባትየው በዚያ ሲያልፍ እንደ እንግዳ ጫማውን እያሳሳ ይራመዳል።

አንድ ጊዜ «አባባ፣ ለማተሚያዬ ቀለም ግዛልኝ» ብላ ልካው ነበር። ከሁለት ጠርሙሶች ከበድ ያለውን መርጦ እየሮጠ መጣ። ቀለሙ የሌላ ማተሚያ ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ አልተቆጣችም። «ችግር የለውም» አለችና በማግስቱ ራሷ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያም ሁልጊዜ ራሷ ትሄዳለች። ያቺ «ችግር የለውም» ከስድብ በላይ ከሰውየው ሆድ ውስጥ ቀረች። ብዙ ነገር አልተመኘም። ልጁ እንደገና «አባባ፣ ሂድልኝ» እንድትለው ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ታዲያ በአንዱ ሰኞ ልጅቱ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ጧ የሚል ድምፅ ተሰማና ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ልጅቱ ሶኬቱን ነቅላ እጇን ራሷ ላይ ጭና ቆመች። ከመንገዱ ማዶ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ጎልማሳ ነበር፤ ካቻቢቴውን እንደ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ መጣ። ክዳኑን ከፈተ፣ ከሱቁ ይዞት በመጣው መሞከሪያ አንድ በአንድ አየ።

«አይዞሽ፣ ሥራሽ ያለበት ዲስክ ደህና ነው። የሄደው ፓወር ሰፕላዩ ነው» አለ።

«ደግሞ እሱ የትኛው ነው?» አለች እናትየዋ ከኩሽናው በር ላይ ሆና።

«ይቺ ሳጥን ናት እትዬ። ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት ተቀብላ ለዲስኩም፣ ለማዘርቦርዱም፣ ለሁሉም እንደየአቅሙ ታካፍላለች።»

«የቤቱ እናት ናታ። እሷ ስትወድቅ ሁሉም ጦሙን ያድራል» አለች ሴትዮዋ።

ጠጋኙ ሳቀ፤ ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ቅዳሜ አንድ ባልና ሚስት የሚያሠሩትን ቤት ሊያዩ ይመጣሉ። እሷ ደግሞ ዛሬ፣ ሰኞውን፣ ሌላ ቦታ ሄዳ ግቢ መለካት ነበረባት። ጠጋኙ ሱቁን ጥሎ ገበያ መውረድ አይችልም፤ ወረፋው እስከ መንገዱ ነው። ሦስቱም ተያዩ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ተነሳ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ።

ልጅቱ እናቷን አየች። እናትየዋ ጣሪያውን አየች።

«ኧረ ይሂድ። ሳጥን እንደ ቀለም አያሳስትም» አለች በመጨረሻ።

«እሺ አባባ፣ ሂድልኝ» አለች ልጅቱ። «ቅዳሜ እንዳልዋረድ ብቻ።»

ጠጋኙ የሞተውን ሳጥን ፈትቶ ሰጠው። «ጋሼ፣ ይሄን ይዘኸው ሂድ፤ ልኩን ያዩልሃል። ስድስት መቶ ዋት በላቸው። ግን ስድስት መቶ ብሎ መለጠፍ ሁሉም ይችልበታል። ስለዚህ ሥዕሉን የሚያወጣውን፣ የግራፊክስ ካርዱን፣ ስም ንገራቸው፤ በዚህ ቤት ውስጥ ዋናው በላተኛ እሱ ነው» አለና ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም ስም ነገረው። ጋሽ ሚዛን ራሱን ነቀነቀ። በልቡ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ጽሑፍ እንደሚዋሽ፣ ክብደት ግን እንደማይዋሽ ከመጋዘኑ ጀምሮ ያውቃል። ጆንያው ላይ «አንደኛ ደረጃ» ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ገለባ ሆኖ ያገኘው ስንት ጊዜ ነው?

የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ጠባብ ነበር፤ እስከ ጣሪያው ካርቶን ተደርድሮበታል። ባለ ሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። ጋሽ ሚዛን ሳይስቅ ነገራት። እሷም የሞተውን ሳጥን አገላብጣ አየችና ሁለት አዳዲስ ሳጥኖች አወረደች። ሁለቱም ላይ ስድስት መቶ ተጽፏል።

«ግራፊክስ ካርዱ የትኛው ነው አባቴ?»

«ትልቅ ነው» አለ። ስሙ መንገድ ላይ ጠፍቶበታል።

«ትልቅ ከሆነማ ይሄን ልስጥዎት» ብላ በግራዋ በኩል ያለውን ገፋ አደረገችለት።

ጋሽ ሚዛን አነሳው። ቀላል ነው፤ ባዶ ቆርቆሮ ነው የመሰለው። ሌላውን አነሳ። ከበድ አለ፣ መዳፉን ሞላ። ወዲያው ነገሩ የገባው መሰለው፤ ሴትዮዋ አልሸጥ ያላትን ባዶ ልታሸክመው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገር ሰው።

«ይሄኛውን» አለ ከባዱን አቅፎ።

«አባቴ፣ እኔ ብሆን ያን ነበር የምወስደው።»

«አንቺ ብትሆኚማ እዚህ ቆመሽ እኔ ነበርኩ ሻጩ» አለ። ሴትዮዋም ትከሻዋን ሰብቃ ጠቀለለችለት።

ቤት ሲደርስ ጠጋኙ መጥቶ ገጠመለት። የሽቦው አፍ ሁሉ ከየቀዳዳው ገባ። ልጅቱ ከልኬት ተመልሳ፣ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ቁልፉን ተጫነች። ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ በራ። ሚስትየው ለሁሉም ሻይ ቀዳች፤ ለባሏ ስኳር ስትጨምር እጇ እንደ ወትሮው አልሰሰተም። ጋሽ ሚዛን ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ሳይጠየቅ፣ ሌላው ሳጥን ባዶ እንደነበረ ተረከላቸው።

ልጅቱ የባልና ሚስቱን ቤት ከፈተች። ሳሎኑ መጣ፣ ደረጃው መጣ። «አሁን ብርሃኑን ላስላው» አለችና አንድ ነገር ተጫነች። ኮምፒውተሩ ልክ እንደ ተመታ ሰው ዝም አለ። እንደገና አበራችው፤ ተነሳ። እንደገና ብርሃኑን አስላ ስትለው ወደቀ። ሦስተኛ አልሞከረችም።

ጠጋኙ ሶኬቱን ነቀለና የስልኩን መብራት በሳጥኑ ማናፈሻ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ አበራ። ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ስልኩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ጋሼ፣ ና እየው» አለ።

ጋሽ ሚዛን መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ከሽቦዎቹ ሥር፣ ከሳጥኑ ወለል ጋር በማጣበቂያ የተያያዘ ግራጫ ነገር አለ። ሲሚንቶ ነበር፤ የልጅ ጡጫ የሚያህል።

«ይሄ ምን ይሠራል?» አለች ሚስትየው።

«ይከብዳል። ሌላ ሥራ የለውም» አለ ጠጋኙ።

ጋሽ ሚዛን ኩም አለ። ሚስቱ አፏን ከፈተች፣ ባሏን አየች፣ መልሳ ዘጋችው፤ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቀው እሷ ስትተወው ነው። ልጅቱ መጥታ ትከሻውን ነካ አደረገች።

«ችግር የለውም አባባ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እኔ እሄዳለሁ።»

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ሻዩ ቀዝቅዞ አንድ ጊዜ እንኳ አልቀመሰውም። ኩሽና ገባ፣ የታጠበ ሰሃን መልሶ አጠበ። ሚስቱ በጎን እያየችው ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ለሚዛን ሰው ሲሚንቶ መሸጥ ግን ጀግንነት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ሳቂ፣ ይገባኛል።»

«አልሳቅኩም። ስማኝ፤ መጋዘን ሳለህ አንድ ሰው ጆንያ ሳያመጣ ‹ስንት ይመዝናል› ቢልህ ምን ትለው ነበር?»

«አምጣው እለዋለሁ።»

«አንተ ደግሞ የሚበላውን ሳታውቅ የሚያበላውን ልትገዛ ሄድክ። ልጅቷ እዚያ ተቀምጣለች። ከመውለድ በቀር አንድ ነገር ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ይህ አባባል ትክክል አልነበረም፤ ሲወልዳትም አልጠየቃትም። ግን ሚስቱን በዚህ ሰዓት ማረም አላማረውም። እጁን አደረቀና ወደ ፊተኛው ክፍል ሄደ። ከልጁ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ እዚያ ተቀምጦ አያውቅም።

«ምንድነው የሚበላው?» አለ።

«ማን?»

«ይሄ ኮምፒውተርሽ። የቱ ክፍሉ ነው ብዙ የሚበላው? መቼ ነው የሚበላው?»

ልጅቱ መጀመሪያ በአጭሩ ልትመልስለት ነበር። ኋላ ፊቱን አየችና የተከፈተውን ኮምፒውተር ውስጥ በጣቷ ታሳየው ጀመር። ይሄ አንጎሉ ነው፣ ይህን ያህል ይወስዳል። ይሄ ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ ባለ ስምንት ቀዳዳ አፍ አለው፣ እሱ ብቻውን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

«ግን ሁልጊዜ አይደለም አባባ። ግድግዳ ሳቆም፣ በር ስገጥም ብዙ አይበላም። ብርሃኑን አስላ ስለው ነው ድንገት የሚጎርሰው። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ከተጻፈለት በላይ ይስባል፣ ከዚያ ይረጋል።»

ጋሽ ሚዛን ባዶ መዳፉን ከፍ ዝቅ አደረገ።

«ጆንያ ቀስ ብለው ሲያስቀምጡትና ወርውረው ሲጥሉት አንድ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ሲወረወር የሚዛኑ ጠቋሚ ከልኩ አልፎ ይዘልና ነው የሚመለሰው። እኛ የምናነበው የተመለሰበትን ነው።»

«ልክ ነው። ፓወር ሰፕላይ ግን የሚሸከመው የዘለለበትንም ነው። ያኛው ያንን ነው ያልቻለው።»

«እና የዘለለበትን ነው መግዛት ያለብን።»

«ከዚያም ትንሽ አልፎ።»

ሰውየው የካርዱን ስም ጠየቃት፤ ነገረችው። እንደገና ጠየቃት፤ ሳትሰለች ነገረችው። በሦስተኛው ራሱ አለላት።

«ነገ ልሂድ» አለ። «ግን ሳጥኑን ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩን ሁሉ ይዤ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ባለቤቱ በሌለበት አይመዘንም ነበር። ባለ ሱቋ እዚያው ሰክታ፣ እዚያው አብልታ ታሳየኝ።»

ልጅቱ ኮምፒውተሯን አየች። ዲስኩ ውስጥ የዓመታት ሥራዋ ነበር። ተነሳች፣ ሥራዋን ልትገለብጥበት ከጠጋኙ ሌላ ዲስክ ተዋሰች፣ ሲገለበጥ ጠብቃ ነቀለችው። ከዚያ የአልጋ ብርድ ልብስ አመጣች።

«እንዳትጥለው» አለችው ስትጠቀልል።

«አንቺን ሕፃን ሆነሽ ጥዬሽ አውቃለሁ?»

«እማዬ አንድ ጊዜ ጥሎሻል ብላኛለች።»

«አልጋ ላይ ነው» አለ ጋሽ ሚዛን። «እሱማ መጣል አይባልም።»

በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ነገር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት የታመመ ልጅ መስሏት መስኮቱን ዘጋችለት፤ አመሰገናት እንጂ አላስተባበለም።

ባለ ሱቋ ገና ስታየው አወቀችው። ከባዱን ሳጥን ባንኮኒው ላይ አኖረው።

«ሲሚንቶ አለው» አለ።

«አውቃለሁ አባቴ።»

«እያወቅሽ ትሸጪያለሽ?»

«አይውሰዱ ብዬዎት ነበር፤ እርስዎ ነዎት እንደ ልጅ ያቀፉት። ለትንሽ ኮምፒውተር፣ ለጽሕፈት ለምናምን ይሠራል። ለትልቅ አይሆንም።»

«ሲሚንቶው ለምን ገባ ታዲያ?»

ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና ደህና አድርጋ አየችው።

«ሰው በእጁ እያነሳ ስለሚመርጥ ነዋ። ሲሚንቶው የሚገባው እንደ እርስዎ ላለ ሰው ነው።»

ጋሽ ሚዛን ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ዕድሜ ልኩን እጁ ሌባ ይይዝበታል ብሎ ነበር የሚያስበው፤ ለካ ሌባውም ይህን እጅ ያውቀዋል፣ ለእሱም ሒሳብ ይዞለታል። ቀጥሎ ሳቁ መጣበት። ሴትዮዋም ሲስቅ ስታየው ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እንደ ሻጭና ገዢ ሳይሆን እንደ ሁለት ሠራተኛ ሆኑ።

የካርዱን ስም ሳይሳሳት ነገራት። ብርሃን ሲያሰላ እንደሚዘል፣ ለዝላዩም የሚበቃ እንደሚፈልግ ነገራት። እሷም ሰባት መቶ ሃምሳ የተጻፈበት፣ የታወቀ ፋብሪካ የሠራውን አወረደች። ባለ ስምንት ቀዳዳውን አፍ አውጥታ አሳየችው፤ እሱም ከካርዱ ጋር አስጠግቶ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ቆጠረ። ሊገጥሙት ሲሉ ግን አልገባም። ሳጥኑ ረዘም ብሎ ከዲስኩ ማስቀመጫ ጋር ተጋጨ።

«ኮምፒውተሩን ባያመጡ ኖሮ ይሄን ቤት ድረስ ተሸክመው ሄደው ነበር» አለችና ያንኑ ያህል ጉልበት ያለው፣ በቁመቱ ግን አጠር ያለ ሌላ ፈለገች። መደርደሪያው ላይ አልነበረም። መሰላል ላይ ወጥታ፣ ሁለት ካርቶን አንስታ፣ ከኋላ አገኘችው። ጋሽ ሚዛን ሲቀበላት እጁ ከልማዱ የተነሳ ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ቃጣው። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

ተገጠመ። ስክሪን ሰኩለት። ጋሽ ሚዛን ልጁ ጋ ደወለ።

«ብርሃኑን እንዴት ነው የምናሰላው?»

«እናንተ ልታሰሉት ነው?» ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃትም ሳቅም ነበር። ቀስ እያለች ነገረቻቸው፤ ባለ ሱቋ እየሰማች ተጫነች። የባልና ሚስቱ ቤት ስክሪኑ ላይ ወጣ። ማራገቢያው ጮክ ብሎ መዞር ጀመረ። ጋሽ ሚዛን የወደቀ ጊዜ የሚይዘው ይመስል በሁለት እጁ የኮምፒውተሩን ጎንና ጎን ይዟል። አልወደቀም። ብርሃኑ እንደ ሙቅ ውሃ ከመስኮቱ ቀስ ብሎ ወደ ወለሉ ፈሰሰ፣ ከወንበሩ እግር ሥር ጥላ ወጣ።

ጋሽ ሚዛን የልጁን ሥራ እንዲህ ቆሞ አይቶ አያውቅም ነበር። ሲያልፍ እንጂ።

«አባባ፣ ሠራ?» አለች ልጅቱ በስልክ።

«ሠራ። እንደገና እናስበላው ብለናል» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ይሄ ቤት ዕቃ ቤት የለውም። እህላቸውን የት ሊያስቀምጡ ነው?»

«የዛሬ ሰው እህል በጆንያ አይገዛም አባባ።»

«ጃንጥላስ? የተሰበረ ወንበርስ? የሚስቱ እናትስ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ?»

ባለ ሱቋ አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቱም በወዲያኛው በኩል ስትስቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ግን ወረቀት ላይ ስትጫጭር ሰማት።

ልዩነቱን ከፍሎ፣ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ ተመለሰ። ልጅቱ ቅዳሜ ቤቱን አሳየች፤ ባልና ሚስቱ ስለ መታጠቢያው ቀለም ተጣልተው ስለ ሌላው ተስማምተው ሄዱ።

ማክሰኞ ሲመሽ ጋሽ ሚዛን ዳቦ ይዞ በፊተኛው ክፍል ሲያልፍ ልጅቱ ጠራችው። አሮጌ ፕላኖች ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ስካነር መግዛት አስባለች።

«ነገ ሂድልኝ፤ እኔ አይመቸኝም» አለች።

ጋሽ ሚዛን ዳቦውን ለሚስቱ አቀበለና በርጩማዋን ስቦ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ወረቀቶቹን አሳዪኝ» አለ። «ከሁሉም ትልቁ የቱ ነው?»